ኪስ የሚገባ፣ ሁሉ ነገሩ በእጅ የሚዞር የፊልም ካሜራ፦ አንድ ጥያቄና ሃያ ሰባት መልስ

መነሻው ጥያቄ

ይህ በአንድ የፎቶ አንሺዎች ውይይት ላይ የቀረበ ጥያቄና የተሰጡት መልሶች ናቸው። ጠያቂዋ ነዋሪነቷ ቨርጂኒያ ነው፤ በጥር ለጥምቀት ጎንደር ትሄዳለች። የምትፈልገው 35 ሚሊ ሜትር ፊልም የሚጎርስ፣ የጃኬት ኪስ የሚበቃው ካሜራ ነው። አፐርቸሩንም (የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት)፣ ሸተሩንም (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ)፣ ፎከሱንም (ምስሉ ጥርት የሚልበትን ርቀት) በራሷ እጅ ማዞር ትሻለች። በጀቷ ከነሌንሱ 150 ዶላር ነው። ሦስት ነገር ጠይቃለች፦ የትኛው ሞዴል ይሻላል፣ ያገለገለ ካሜራ ሲገዛ ምን ምኑ ይታያል፣ ባትሪው ከገበያ የጠፋ ከሆነስ ምን ይደረጋል? ጥያቄው ጥርት ያለ ነው። ያም ሆኖ የመጀመሪያው መላሽ በእጅ ማዞር የሚለውን ዘሎ ወደ ምክር ሮጧል።

መልስ 1

ሞቅ ባለ ሰላምታ ጀምሮ ሁለት ካሜራ ያነሳል፤ ኦሊምፐስ ኤክስኤ እና ኦሊምፐስ ትሪፕ 35። ኤክስኤ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣ፣ ዮሺሂሳ ማይታኒ የነደፈው፣ 225 ግራም ገደማ የሚመዝን ካሜራ ነው፤ ተንሸራታች ክዳኑ ሌንሱን ይሸፍናል። ትሪፕ 35 ደግሞ ባትሪ አይፈልግም፤ በሌንሱ ዙሪያ ያለው የሴሊኒየም ቀለበት ከብርሃኑ ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። የሁለቱም ሌንስ ጥሩ ነው፣ አያሳፍሩሽም ይላታል። ስለ ሌንሶቹ ያለው ልክ ነው።

መልስ 2

በጨዋ ቋንቋ ያርመዋል። ኤክስኤ አፐርቸሩንና ፎከሱን ለባለቤቱ ይተዋል፤ የሸተሩን ፍጥነት ግን ካሜራው ብቻ ነው የሚወስነው፣ ባትሪው ካለቀም ጭራሽ አያነሳም። ትሪፕ 35 ያሉት ፍጥነቶች ሁለት ናቸው፣ 1/40 እና 1/200 ሰከንድ፤ መራጩም ራሱ ካሜራው ነው። ቀለበቱን ከአውቶማቲኩ ላይ አንስቶ አፐርቸር መምረጥ ይቻላል፤ ያን ጊዜ ግን ሸተሩ 1/40 ላይ ይቀራል፤ ለፍላሽ ተብሎ የተሠራ ነውና። በቀትር ፀሐይ በአይኤስኦ 200 ፊልም (አይኤስኦ ፊልሙ ለብርሃን ያለው ስሜት ነው) በ1/40 ካነሳሽ፣ አፐርቸሩን እስከ ኤፍ/22 ብታጠቢውም (የኤፍ ቁጥር ሲበዛ ቀዳዳው ይጠባል) ከሚፈለገው ከአንድ ስቶፕ (አንድ ስቶፕ የብርሃን እጥፍ ወይም ግማሽ ነው) በላይ ብርሃን ይገባል ብሎ ይዘጋል።

መልስ 3

በዚሁ መንገድ ገፍቶ ሌሎች ስመ ጥሮችንም ከዝርዝሩ ያወጣል። ያሺካ ኤሌክትሮ 35 አፐርቸር ብቻ የሚያስመርጥ፣ በዚያ ላይ ከባድ ነው። ሚኖክስ 35ም ያው አፐርቸር ብቻ። ኮኒካ ሲ35 ሁሉንም ራሱ ይወስናል። ኦሊምፐስ ፔን ኢኢም እንደዚያው። ኮኒካ ኤስ3 ሸተሩን ይሰጥና አፐርቸሩን ይነፍጋል። አዲስ ይሻለኛል የሚል ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ፔንታክስ 17 ከነካርቶኑ 500 ዶላር የተጠየቀበት፣ የፊልሙን ግማሽ ካሬ ብቻ የሚጠቀም፣ ሸተሩ በእጅ የማይዞር ካሜራ ነው።

ከዚያ ጥሩ መለያ ያስቀምጣል። በሻጩ ፎቶ ላይ ሌንሱን አጉልቶ ማየት፦ 15፣ 30፣ 60፣ 125 እያለ የሚሄድ የፍጥነት ቁጥርም፣ 2.8፣ 4፣ 5.6፣ 8 የሚል የአፐርቸር ቁጥርም ሁለቱም ተቀርጸው ካልታዩ ማለፍ ነው። የፍላሽ መለያ ቁጥሮች (የፍላሹን ጉልበት የሚነግሩት) ከአፐርቸር ቁጥሮች ጋር እንዳይምታቱ ያስጠነቅቃል። በዚህ ውይይት ላይ ከተጻፉት አጫጭር ምክሮች ይህን የሚያህል ጥቅም ያለው የለም።

መልስ 4

ኦሊምፐስ 35 አርሲን ያቀርባል። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣ፣ 42 ሚሊ ሜትር ኤፍ/2.8 ሌንስ፣ ከ1/15 እስከ 1/500 ፍጥነትና ቢ (ቁልፉ ተጭኖ እስካለ ሸተሩ የሚከፈትበት)፣ ክብደቱ 410 ግራም አካባቢ። ርቀቱ የሚስተካከለው በማነጣጠሪያ መስኮቱ ውስጥ ሁለት ምስል አንድ ላይ በማጋጠም ስለሆነ መገመት አያስፈልግም። የተመረጠው ፍጥነትም፣ አፐርቸሩም በመስኮቱ ውስጥ ይነበባል። ባትሪ ባይኖረውም ሸተሩ ይሠራል። ለ150 ዶላር ከዚህ የሚቀርብ ካሜራ የለም ባይ ነው።

መልስ 5

ይስማማል። አንድ ነገር ብቻ ይጨምራል፦ ሌንሱ ላይ የሚታሰረው የማጣሪያ መስታወት ጥርስ 43.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ እንደ ልብ አይገኝም፤ ወደ 49 የሚያሰፋ ቀለበት አብሮ መግዛት ይሻላል።

መልስ 6

ይህኛው ስለ ሮሌይ 35 ሲጽፍ እንደ ፍቅር ደብዳቤ ነው። ሃይንትስ ቫስኬ የነደፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1966 በፎቶኪና ትርዒት ላይ የታየ፣ 40 ሚሊ ሜትር ኤፍ/3.5 ቴሳር ሌንስ ያለው፣ ከ1/2 እስከ 1/500 የሚሄድ። ሌንሱ ወደ ውስጥ ሲገባ ካሜራው ከሲጋራ ፓኮ ብዙ አይበልጥም። ፊልም መሳቢያው በግራ እጅ፣ የፍላሹ ቦታ ከሥር። ርቀቱ በግምት ነው የሚሞላው።

ጉዳቱንም አልደበቀም። ሌንሱ ወደ ውስጥ የሚገባው ሸተሩ ተወጥሮ እያለ ብቻ ነው፤ ሳይወጠር በግድ የገፋው ሰው ውስጡን ይሰብረዋል። በመጀመሪያው ሞዴል ባትሪው የተቀመጠው ፊልሙ ባለበት ክፍል ውስጥ ስለሆነ፣ ፊልም መሀል ላይ እያለ ባትሪ መቀየር አይቻልም። ዋጋውም በጀቱን አልፎ ይሄዳል። ይህን መጨረሻ ላይ በአንዲት መስመር ነው የነካካው።

መልስ 7

ረጅሙ መልስ ይህ ነው፤ አንባቢዎችም ከዚህ በኋላ ጸሐፊውን ጋሼ እያሉ ነው የጠሩት። የሚጀምረው ማንም ካላነሳው ነገር ነው፦ በእጅ ማስተካከል መቻል ብቻውን ብርሃኑን ያስለካል ማለት አይደለም። በ35 አርሲ፣ በካኖን ካኖኔት ጂ-3 እና በሚኖልታ ሃይማቲክ 7ኤስ2 ላይ የብርሃን መለኪያው የሚሠራው አውቶማቲክ ላይ ሲሆን ብቻ ነው፤ ቀለበቱ ወደ እጅ ሲዞር መለኪያው ይጠፋል። በሮሌይ 35፣ በፔትሪ ከለር 35 እና በፔንታክስ ኤምኤክስ ላይ ግን መለኪያው በእጅ እየተስተካከለም ይሠራል። በ35 አርሲ መላው ቀላል ነው፦ አውቶማቲክ ላይ አድርጎ በመስኮቱ መርፌው የሚያሳየውን አፐርቸር ማንበብ፣ ከዚያ ቀለበቱን ወደዚያው ቁጥር ማዞር።

ቀጥሎ ወደ ጥምቀት ይገባል። እነዚህ አሮጌ መለኪያዎች የሚያዩትን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ያማክሉታል። መስኮቱን ነጠላና ጋቢ ከሞላው፣ መለኪያው ብርሃኑ የበዛ መስሎት ያጠባል፤ ልብሱ ግራጫ፣ ፊቱ ከሰል ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ በነጭ ለባሽ ሕዝብ መሀል ከመለኪያው ላይ አንድ ስቶፕ ተኩል እስከ ሁለት ስቶፕ መጨመር ያስፈልጋል፤ ወይም ፊልሙ 200 ሆኖ ሳለ የአይኤስኦ መደወያውን 64 ላይ ማድረግ። የቀለም ኔጋቲቭ (የተለመደው የቀለም ፊልም) ሁለት ስቶፕ ብርሃን ቢበዛበት ይችላል፤ ቢያንስበት ግን በጥላው ውስጥ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ እጥበትም አይመልሰውም። ፊት ላይ ብቻ አቅርቦ የለካ ሰው ተቃራኒው ነው የሚገጥመው፤ ጠይም ወይም ጥቁር ፊትን መለኪያው አንድ ስቶፕ ያህል ያበዛበታል፣ ለኔጋቲቭ ግን ይህ ጉዳት የለውም።

ያለ መለኪያ ለሚያነሳም ቁጥር ሰጥቷል፤ ሁሉም በአይኤስኦ 200 እና በ1/250። ጥርት ባለ ፀሐይ ኤፍ/16፣ ስስ ደመና ኤፍ/11፣ ሙሉ ደመና ኤፍ/8፣ ከጃንጥላ ወይም ከዛፍ ጥላ ሥር ያለ ሰው ኤፍ/5.6። ፊቱን ከፀሐይ ያዞረ ሰው ሲሆን ኤፍ/8። ይህ የሚሠራው ፀሐይዋ ከፍ ካለች በኋላ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፤ ከዚያ ውጭ አንድ ወይም ሁለት ስቶፕ መክፈት። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ጥላው ጠንካራ፣ የጥላው ቀለምም ወደ ሰማያዊ ያዘነበለ ይሆናል፤ ሰማያዊነቱን የሚያለዝብ የስካይላይት ማጣሪያ ሌንሱ ላይ ቢውል አይጠላም።

መልስ 8

ጋሼን አመስግኖ አንድ ነገር ይጠይቃል። ሕዝቡ ፋሲል መዋኛ ዙሪያ የሚሰበሰበው ገና ሳይነጋ ነው። ጧፍ በያዙ ሰዎች መሀል ኤፍ/2.8 ምን ያደርጋል?

መልስ 9

ስሌቱን ሠርቶ የመጣው ሌላ ሰው ነው። በጧፍ ብርሃን፣ ጧፉን ፊቱ አጠገብ የያዘ ሰው በአይኤስኦ 400 ፊልም ኤፍ/2.8 ላይ 1/8 ሰከንድ ይፈልጋል። 35 አርሲ ደግሞ ከ1/15 በታች የለውም፤ የቀረው ቢ ብቻ ነው። ኤፍ/1.7 ያለው ሌንስ በዚያው ብርሃን ወደ 1/20 ይጠጋል። ስለዚህ ወይ ብሩህ ሌንስ፣ ወይ ኤችፒ5ን የመሰለ ጥቁርና ነጭ ፊልም እንደ 1600 አንስቶ በእጥበት ጊዜውን ማራዘም፤ ያን ጊዜ በኤፍ/2.8 1/30 ይገኛል። ሙሉው ጥቅል በ1600 መነሳት እንዳለበት፣ ግማሹን በ1600፣ ግማሹን በሌላ ማንሳት እንደማይቻልም ያስታውሳል።

መልስ 10

እንግዲያው ካኖኔት ጂ-3 ይላል፦ እ.ኤ.አ. 1972፣ 40 ሚሊ ሜትር ኤፍ/1.7፣ ከ1/4 እስከ 1/500። የፊልሙን ጫፍ ምልክቱ ድረስ ስቦ ክዳኑን መዝጋት ብቻ ነው፤ ራሱ ይጠቀልላል። ግን 620 ግራም ነው። የጃኬት ኪስ ያለችው ካፖርት ማለቷ ከሆነ ይገባል።

መልስ 11

የስልክ ካሜራ እያለ ለአሮጌ ብረት 150 ዶላር ማውጣት ምን ይሉታል፣ ፊልሙ ብቻ ስንት ነው፣ የእናንተ ነገር ከሠርክ ጉባኤ ይረዝማል ይላል። ሌላ ያከለው ነገር የለም።

መልስ 12

በቁጣ ነው የመጣው። ጥያቄውን ያላነበበ ሰው መልስ ባይሰጥ እንደሚሻል፣ ስልክ የፈለገ ስልክ ያለበት እንዲሄድ፣ ከዚህም ጠንከር ያለ ነገር ይናገራል። ለመልስ 11 ይህ ሁሉ የሚገባው አይመስለኝም፤ ለነገሩ የፊልሙ ዋጋ ጥያቄ እውነት ነው።

መልስ 13

ጠቡን የሚያበርደው ስልክን ሥራ ላይ በማዋል ነው። በሰከንድ 240 ፍሬም የሚቀርጽ ስልክ ያለው ሰው አሮጌ ሸተርን ያለ መሣሪያ መለካት ይችላል። ካሜራው ባዶ ይሁን፤ የኋላ ክዳኑ ይከፈት፣ አፐርቸሩ ሰፊው ላይ ይደረግ፣ ሌንሱ ሰማይ ወደሚታይበት የቤት መስኮት ይዙር። የቤት አምፖል ስለሚርገበገብ ያሳስታል። ስልኩ ከኋላ በኩል እየቀረጸ ሸተሩን መልቀቅ፣ ከዚያ ብርሃን የታየባቸውን ፍሬሞች አንድ በአንድ መቁጠር። 1/15 ላይ 16 ፍሬም፣ 1/30 ላይ 8፣ 1/60 ላይ 4 ይጠበቃል። ከዚያ በላይ ያለውን ፍጥነት በዚህ መንገድ መለካት አይታመንም።

ዋናው ነገር ግን መድገሙ ነው። ካሜራው ቀናት ሳይነካ ከቆየ በኋላ የመጀመሪያው ልቀት ዘግይቶ፣ አምስተኛው ከተስተካከለ፣ ውስጡ ያለው ዘይት ረግቷል ማለት ነው። ሻጩ ደጋግሞ ተኩሶት ከሆነ የሚልከው ቪዲዮ ደህና ይመስላል፤ ስለዚህ ሳይነካ ካደረ በኋላ የተቀረጸ ቪዲዮ መጠየቅ ነው። ኦሊምፐስ 35 አርዲ በተለይ በዚህ ዘይት ይታወቃል፣ ሌንሱ ኤፍ/1.7 ስለሆነ ብቻ ዘሎ የሚገዛው ሰው ይጠንቀቅ ይላል።

መልስ 14

የቀሩትን ምርመራዎች ይደረድራል። በቢ ላይ ከፍቶ በሌንሱ ውስጥ የባትሪ መብራት ማብራት፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ሻጋታ ነው፣ ወጥ የሆነ ጭጋግ ደግሞ የዘይት ተን ነው፣ ብዙ ጊዜ በጽዳት ይወጣል። ጥቂት አቧራ ምንም አያደርግም። አፐርቸሩን ኤፍ/16 ላይ አድርጎ ቅጠሎቹ መዝጋታቸውንና ዘይት አለመቅባታቸውን ማየት። በመስኮቱ ሩቅ ምሰሶ ወይም ማማ ላይ አነጣጥሮ ሌንሱን መጨረሻው ላይ ማድረግ፤ ሁለቱ ምስሎች ካልገጠሙ ማስተካከያ ይፈልጋል። አንዱ ከሌላው ከፍ ብሎ ከታየም እንዲሁ። የባትሪውን ክፍል ከፍቶ አረንጓዴ ዝገት ካለ ሽቦውም ሊበላ ይችላል። ሻጩ ሠርቷል ካለ፣ በእሱ የተነሳ ፎቶ መጠየቅ ነውር የለውም።

መልስ 15

በኋላ ክዳኑ ዙሪያ ያለው ጥቁር ስፖንጅ ከ40 ዓመት በኋላ ሬንጅ ይሆናል፤ ይህን ካሜራው ተበላሽቷል ብሎ መተው ሞኝነት ነው። አሮጌውን በስቴኪኒ መፋቅ፣ ቀሪውን አልኮል በነካ ጥጥ መጥረግ፣ ከዚያ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ በ2 ሚሊ ሜትር ስፋት ቆርጦ መለጠፍ። በጠባቡ ቦይ ውስጥ ጥቁር የሹራብ ክር ማስገባትም ይበቃል። ቶሎ ይለቃል ብሎ አሴቶን መጠቀምንም ይመክራል።

መልስ 16

አሴቶን ላይ ይጮኻል። አሴቶን ፕላስቲክና ቀለም ይበላል፤ አይሶፕሮፒል አልኮል በቂ ነው፣ ፍርፋሪውም ወደ ሸተሩ እንዳይገባ ካሜራውን ዘቅዝቆ መያዝ። በዚያውም መለያ ይሰጣል፦ በቀለም ፎቶ ላይ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ጨረር ከታየ ብርሃኑ የገባው በኋላ ክዳን በኩል፣ በፊልሙ ጀርባ አልፎ ነው። ነጭ ጭጋግ ከሆነ ግን ብርሃኑ በፊት በኩል፣ በሌንስ ገብቷል፤ ስፖንጅ ቢቀየር ለውጥ የለውም።

መልስ 17

የባትሪው ነገር እዚህ ላይ ነው የተነሳው። ለ35 አርሲም፣ ለካኖኔትም፣ ለሮሌይም የታሰበው ፒኤክስ 625 የሚባለው የሜርኩሪ ባትሪ ነው፣ 1.35 ቮልት። ሜርኩሪ ስለተከለከለ አይመረትም። መልስ ሰጪው በቦታው 1.5 ቮልት አልካላይን አስገቡና አይኤስኦውን ዝቅ አድርጉ፣ አለቀ ይላል።

መልስ 18

አላለቀም ይለዋል፣ ትንሽም በንቀት። ቮልቱ ሲጨምር መለኪያው ብርሃኑ የበዛ ይመስለዋል፣ ፎቶው ይጨልማል፤ እስከዚህ አይኤስኦውን ዝቅ ማድረግ ይረዳል። ግን ስህተቱ በደማቅና በደብዛዛ ብርሃን እኩል አይደለም፤ በዚያ ላይ የአልካላይን ቮልት ባትሪው እያለቀ ሲሄድ ይወርዳል፤ ዛሬ ልክ የሆነው ማካካሻ የሚቀጥለው ወር ልክ አይሆንም። የሚሻለው ቮልቱን የሚቀንስ ዳዮድ ያለው ማቀፊያ ቀለበት ገዝቶ የብር ኦክሳይድ ኤስአር44 ማስገባት ነው፤ 1.55 የነበረው ወደሚፈለገው ይወርዳል፣ እስኪያልቅም ከሞላ ጎደል አይለዋወጥም።

መልስ 19

ርካሽ መንገድ ያመጣል፦ ለጆሮ መስሚያ የሚሸጠው 675 ቁጥር ዚንክ-ኤር ባትሪ። 1.4 ቮልት ስለሆነ ከሜርኩሪው ጋር ይቀራረባል። ስፋቱ 11.6 ሚሊ ሜትር ብቻ በመሆኑ ቦታው ላይ እንዳይዋልል የጎማ ቀለበት ይፈልጋል። ልጣጩ ከተነሳ በኋላ አየር መተንፈስ አለበት፤ ቀዳዳዎቹን በፕላስተር የደፈነ ሰው ባትሪው ሞተብኝ ይላል። ዕድሜው ሳምንታት፣ ቢበዛ ሁለት ወር ያህል ነው፤ የበጋ ደረቅ አየር ደግሞ ያሳጥረዋል። ለጎንደር ጉዞ አንድ ሙሉ እሽግ መያዝ።

መልስ 20

ይህን ሁሉ ጣጣ ለምን ባይ ነው። ፔንታክስ ኤምኤክስ፣ እ.ኤ.አ. 1976፣ 495 ግራም፣ ከ1 ሰከንድ እስከ 1/1000፣ ባትሪው ከየሱቁ የሚገኘው ኤልአር44 ሁለት ፍሬ፤ ባትሪ ባይኖርም ሸተሩ በሁሉም ፍጥነት ይሠራል። 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ/1.7 ሌንሱ 185 ግራም ይጨምራል። የመልስ 8ን ጥያቄም አብሮ ይፈታል። የሚከፈለው ዋጋ ውፍረቱና ድምፁ ነው፤ በፍላሽም ከ1/60 በላይ አይሄድም። ሸተሩ ሌንሱ ውስጥ የሆነው 35 አርሲ ግን እስከ 1/500 ከፍላሽ ጋር ይሠራል፦ በቀትር፣ በአይኤስኦ 200፣ በ1/500 እና በኤፍ/11፣ መለያ ቁጥሩ 20 የሆነ ትንሽ ፍላሽ ከ3.5 ሜትር ላይ ከጥላ የገባን ፊት በልኩ ያፈካል። ስለ ተቀናቃኙ ካሜራ ይህን መመስከሩን ወድጄለታለሁ።

መልስ 21

ገንዘብ የሚቆጥብ ሰው ስሜና 8ኤም ይግዛ ይላል። ሌኒንግራድ የተሠራ ፕላስቲክ፣ 40 ሚሊ ሜትር ኤፍ/4፣ ከ1/15 እስከ 1/250፣ ባትሪም መለኪያም የለውም። ሸተሩ ከፊልሙ ተለይቶ በሌንሱ ላይ ባለች ማንሻ ነው የሚወጠረው፤ ፊልሙን መሳብ የረሳ ሰው ሁለት ፎቶ አንድ ላይ ያነሳል። በቀትር ፀሐይ ፊልሙ ከ200 ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም በ400 ፊልም 1/250 እና ኤፍ/16 እንኳን አንድ ስቶፕ ይበዛሉ። ሌላው ኦሊምፐስ ፔን ኤስ ነው፦ በ36ቱ ፊልም 72 ፎቶ፣ ሁሉም ነገር በእጅ፣ እውነትም ኪስ የሚገባ። ፊልም ቤቱ ግማሽ ካሬ ስካን ማድረጉን አስቀድሞ መጠየቅ ነው። በሁለቱም ርቀቱ በግምት ነው፤ ችግር የለውም፣ ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ይወጣል ይላል።

መልስ 22

ለዚያ የመጨረሻ ሐረግ ቁጥር ያስከትላል። በ40 ሚሊ ሜትር ሌንስ ኤፍ/8 ላይ 6.7 ሜትር ከተሞላ ከ3.4 ሜትር እስከ ሩቁ መጨረሻ ድረስ ጥርት ይላል፤ ኤፍ/11 ላይ 4.9 ተሞልቶ ከ2.4 ጀምሮ፤ ኤፍ/16 ላይ 3.4 ተሞልቶ ከ1.7 ጀምሮ። በኤፍ/4 ግን ሁለት ሜትር ላይ የቆመ ሰው ሲነሳ ጥርት የሚለው ከ1.75 እስከ 2.35 ሜትር ያለው ብቻ ነው፣ 60 ሳንቲ ሜትር። በፀሐይ መገመት ያዋጣል፤ ቤት ውስጥ ግን አያዋጣም። የራስን እርምጃ አንድ ጊዜ በሜትር ለክቶ መያዝ ብዙ ያግዛል።

መልስ 23

ጠያቂዋ ተመልሳ ሁሉንም ታመሰግናለች። 35 አርሲ ልትወስድ ነው፤ ከመልስ 13 በተማረችው መሠረት ከሁለት ሻጮች ሳይነካ ያደረ ካሜራ ቪዲዮ ጠይቃ፣ አንዱ ብቻ ልኮላታል። የሌሊቱን በኤችፒ5 በ1600 ልትሞክረው አስባለች። የቀራት ጥያቄ ፊልሙ በአየር ማረፊያ እንዴት እንደሚያልፍ ነው።

መልስ 24

ፊልም በምንም ዓይነት ወደ ጭነት ሻንጣ አይገባም፤ እዚያ ያለው ጨረር ጠንካራ ነው። በእጅ በሚያዘው ላይ ደግሞ አሮጌው ኤክስሬይ ለ400 ፊልም ጥቂት ጊዜ ቢያልፍበት አይጎዳም፤ አዲሱ የሲቲ መሣሪያ ግን በአንድ ማለፍ ጉም ያለብሰዋል፣ እንደ 1600 የተነሳውን የበለጠ። ጥቅሎቹን ከካርቶን አውጥቶ ግልጽ ከረጢት ውስጥ አድርጎ በእጅ ይፈተሽልኝ ማለት ነው። በአሜሪካ በኩል ሲጠየቁ ያደርጉታል፤ በሌላ አገር ግን እንደ ፈታሹ ነው። ካሜራው ውስጥ የተጀመረ ፊልም ይዞ አለመሄድም ይመከራል።

መልስ 25

ውይይቱ እዚህ ላይ ከካሜራ ወጥቶ ወደ ቡና ሄደ። ጥቁርና ነጭ ፊልም እዚያው ማጠብ ከተፈለገ ዴቨሎፐሩ (ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል) በቡና ይሠራል፤ ይህን እ.ኤ.አ. በ1995 በሮቸስተር የቴክኖሎጂ ተቋም ስኮት ዊሊያምስና ተማሪዎቹ ናቸው የጀመሩት። ለአንድ ሊትር ውኃ 54 ግራም ሶዲየም ካርቦኔት፣ 16 ግራም የቫይታሚን ሲ ዱቄት፣ 40 ግራም የሚሟሟ ቡና፣ በዚህ ቅደም ተከተል፤ በ20 ዲግሪ 15 ደቂቃ። ለ400 ፊልም 1 ግራም ፖታሲየም ብሮማይድ ካልታከለ ፊልሙ ይጨልማል። ሽታው ግን ቡና አይደለም፣ መስኮት ይከፈት።

መልስ 26

የይርጋጨፌ ቡና ቢሆንስ የሚል ቀልደኛ መጣ፤ ወዲያው ሌላ ሰው ሳይሆን ራሱ መለሰ፦ ለዚህ ሥራ ተመራጩ ርካሹ የሮቡስታ ዱቄት ነው፣ በአረቢካ አገር ይህን መስማት ያማል። ከቀልዱ ቀጥሎ ጠቃሚ ነገር አለው። ሶዲየም ካርቦኔት ካልተገኘ ቤኪንግ ሶዳ በ200 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ አንድ ሰዓት ቢቆይ ወደዚያው ይለወጣል፤ ክብደቱ ወደ 63 ከመቶ ስለሚወርድ 54 ግራም ለማግኘት በ86 ግራም መጀመር።

መልስ 27

ቡናው ፊክሰርን (የወጣውን ምስል የሚያጸናውን ኬሚካል) አይተካም ይላል የመጨረሻው መላሽ። ፊክሰሩ መግዛት ያለበት ነገር ነው፣ ግን ብዙ ጥቅል ያጥባል። ጤናው የሚታወቀው ከፊልሙ ጫፍ በተቆረጠ ቁራጭ ነው፦ ቁራጩን ፊክሰሩ ውስጥ ጥሎ ብርሃን እስኪያሳልፍ ያለውን ጊዜ መለካት፤ ፊልሙን የዚያን እጥፍ ጊዜ ማቆየት። ቁራጩ በአዲሱ ፊክሰር ከወሰደው ሁለት እጥፍ ሲወስድ፣ ፊክሰሩ ይጣላል።